በፍጥነት ላይ የሚዋልል መኪና፦ አላይመንት ከማሠራታችሁ በፊት

አሮጌ ስፖርት መኪና የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። እስከ 90 ድረስ መኪናው ሰላም ነው። 110 ሲገባ መሪው መቅለል ይጀምራል። 120 ላይ ሥራችሁ መንዳት መሆኑ ቀርቶ መኪናውን መስመር ላይ ማቆየት ይሆናል፤ ትንሽ ወደ ግራ ይላል፣ ትመልሱታላችሁ፣ አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እንደገና ትመልሱታላችሁ። መካኒክ ጋ ስትሄዱ የመጀመሪያው መልስ «አላይመንት ነው» የሚል ነው፣ የጎማዎቹ ማዕዘን ይስተካከል ማለት ነው። ይሠራል። ወረቀቱ ሁሉም ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። መንገድ ስትወጡ መኪናው ያው ነው።

አላይመንት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፣ በጣም ይጠቅማል። ግን ተራው መጨረሻ ላይ ነው። ማሽኑ የሚነግራችሁ መኪናው ቆሞ እያለ ጎማው ወዴት እንደሚያይ ነው። በ120 ላይ፣ ነፋስ አፍንጫውን ወደ ላይ እያነሳው፣ ጎሚኒው (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) በአንድ ጎን እየተጨመቀ፣ ጎማው ወዴት እንደሚያይ አይነግራችሁም። ላላ ያለ ነገር ባለበት መኪና ላይ የተወሰደ ልኬት የዚያች ደቂቃ ልኬት ብቻ ነው። መኪናው ከማሽኑ ወርዶ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲረግጥ ቁጥሩ ተቀይሯል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙን ለዩት። «መኪናዬ አይረጋም» ሲባል ብዙ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። መሪው እጃችሁ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በተለይ በሆነ ፍጥነት ላይ ብሶ ከዚያ በላይ የሚቀንስ ከሆነ፣ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባላንስ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆኑ)። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ጎማ፣ ፍሬን፣ ወይም የግራና የቀኝ ማዕዘን አለመመሳሰል ነው። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያለ የሚዋልል ከሆነ የላላ ነገር ፈልጉ። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ፊቱ እየቀለለ መሪው ባዶ የሚሆን ከሆነ የነፋስና የቁመት ጉዳይ ነው። እኔ በጣም የምፈራው ግን ሌላ ነው፤ መሪውን ሳትነኩ ነዳጅ ስትሰጡና እግራችሁን ስታነሱ አቅጣጫ የሚቀይር መኪና። እሱ የሚመጣው ከኋላ ነው።

ይህን ለመለየት ቀጥ ያለ፣ ደረቅና ባዶ መንገድ ያስፈልጋል፣ ከተቻለ ለትራፊክ የተዘጋ። አጠገባችሁ የሚጽፍ ሰው አስቀምጡ። ከ80 ጀምራችሁ በ10 በ10 ከፍ አድርጉ። መኪናው ማስፈራት ሲጀምር እዚያው ይብቃ። 120 ላይ ጎልቶ የሚወጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ 90 ላይም በትንሹ አለ፣ እጃችሁ ላይ ካለው ስሜት ጋር ረጋ ብላችሁ ከቆያችሁ ታገኙታላችሁ። ሬዲዮ ይጥፋ፣ መስኮት ይዘጋ፣ መሪውን በጣት ጫፍ ያዙ። አጥብቆ የያዘ እጅ ምልክቱን ራሱ ያፍነዋል።

ከዚያ ጎማ። ሰው ሁሉ ጎማን ዘሎ ነው ወደ ከባዱ ነገር የሚሄደው፣ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አሮጌ ስፖርት መኪና በዓመት የሚሄደው ጥቂት ስለሆነ የጎማው ጥርስ ሙሉ ነው፣ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ጎኑን እዩት። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 2319 ካለ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካያችሁ ደግሞ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ምርመራው እዚያው ይቁም፤ መጀመሪያ ጎማ ይቀየር። ያረጀ ላስቲክ ይደርቃል፣ መንገዱን መያዝ ይተዋል። ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ የቆመ መኪና ጎማ ደግሞ መሬት የነካበት ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ አንዳንዱ ሲሞቅ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም።

ባላንስን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ሒሳቡ ይህ ነው። አንድ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ከነጎማው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ ወደ 14 ጊዜ ይዞራል። ቸርኬው ጠርዝ ላይ 30 ግራም ብቻ ቢያጋድል፣ ያቺ 30 ግራም በእያንዳንዱ ዙር 4 ኪሎ ተኩል ገደማ በሚሆን ጉልበት ጎማውን ትወዘውዘዋለች። 140 ላይ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ባለ ሽቦ ቸርኬ ከሆነ፣ እንደ ኤምጂቢና እንደ ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ማሽኑ ላይ የሚቀመጥበት ማያያዣ ትክክለኛው ካልሆነ ቸርኬው መሃል ላይ አይቀመጥም፣ ባላንሱም የውሸት ይሆናል። የላሉ ሽቦዎችም በባላንስ አይስተካከሉም። በመጻፊያ እርሳስ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ፤ የላላው ድምፁ ከሌሎቹ የደነዘዘ ነው።

መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራ አለ። የፊት ግራውንና የፊት ቀኙን ጎማ አቀያይሩ። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን መጎተት ከጀመረ ጥፋቱ ከጎማው ነው፣ አበቃ። መጎተቱ ካልተቀየረ ጥቂት ነድታችሁ ፍሬን ሳትይዙ ቀስ ብላችሁ አቁሙና የእጃችሁን መዳፍ ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ ካሊፐሩ (ፍሬኑን የሚጨብጠው ክፍል) አልለቀቀም ማለት ነው። በአሮጌ መኪና ላይ አንድ የተለመደ ምክንያት የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ ነው። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ አብጦ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ያሳልፋል፣ መልሶ ግን አያስወጣም። አላይመንት ይህን ፈጽሞ አያስተካክለውም።

አሁን ወደ ላላው ነገር። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም ብዙው መልስ ያለው እዚህ ነው።

የተለመደው ምርመራ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች፣ ከዚያም ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ ነው። ጥሩ ነው፣ ኩሽኔታው መላላቱን ይነግራችኋል። ግን ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ብዙ መገጣጠሚያ ልቅነቱን ይደብቃል። እኔ የማምነው ሌላውን ነው። መኪናው በአራቱም ጎማው መሬት ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ። አንድ ሰው ገብቶ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም በትንሹ፣ ጎማው ሊዞር ሲል እስከሚያቆምበት ድረስ ብቻ፣ ሳያቋርጥ ያወዛውዘው። እናንተ ከሥር ሆናችሁ ጣታችሁን እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አድርጉ፣ ግማሹ ጣት በአንዱ ክፍል፣ ግማሹ በሌላው ላይ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ቀድሞ ሄዶ ሌላው የሚከተለው ከሆነ ጣታችሁ ላይ ትንሽ ጠቅ የምትል ነገር ትሰማላችሁ። ዓይን የማያየውን ጣት ይይዘዋል። ከውጭ ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጎማው ጋ የሚገናኝበት መገጣጠሚያ) ጀምሩ፣ ከዚያ የውስጥ ቴስቲና፣ ከዚያ የመሪ ሳጥኑ ሻሲው ላይ የታሰረባቸው ቡሎኖች፣ ከዚያ ወደ ላይ የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ። መጋጠሚያው ላስቲክ ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ። ሳጥኑ ራሱ በላስቲክ የተያዘባቸው መኪናዎች አሉ፤ ላስቲኩ ካለቀ መሪው ሲዞር መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ሳጥኑ ነው፣ ጎማው በኋላ ይከተላል። በ120 ላይ ያ መዘግየት ነው መኪናውን የሚያዋልለው።

የፊት ኩሽኔታን በተመለከተ፣ በድሮ ፖርሽና ቮልስዋገን ላይ የሚሠራበት አንድ የማስተካከያ መንገድ አለ፣ በጣም እወደዋለሁ። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ከሥሩ ያለውን ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ወደ ጎን ትገፉታላችሁ። ሳትፈለቅቁ፣ በጣት ጉልበት ብቻ፣ እምቢ እምቢ እያለ መንሸራተት አለበት። ዝም ብሎ የሚሄድ ከሆነ ላልቷል። ፈልቅቃችሁት ብቻ የሚሄድ ከሆነ በዝቷል፣ ኩሽኔታው ይቃጠላል። መለኪያ መሣሪያ የለም፣ ግን ልኩ በደንብ ይታወቃል።

ፊቱን ጨርሳችሁ ምንም ካላገኛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። እንዲያውም ምንም ብታገኙም ሂዱ። «መሪ ያለው ፊት ነው» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ያሳስታል። የኋላ ጎማም መኪና ይመራል፣ ያውም መሪው ውስጥ በማታዩት መንገድ።

እኔ የምነዳው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ፖርሽ 911 ነው፣ ይህ መኪና ነገሩን ከማንም በላይ ያስተምራል። ሞተሩ ከኋላ አክስል በስተኋላ ተንጠልጥሏል። ከክብደቱ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ኋላ ላይ ነው። የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ሻሲው ላይ የታሰረው በላስቲክ ጎሚኒ ነው፣ ከውጭ ያለው ጠፍጣፋ ብረትም እንደዚሁ። ነዳጅ ስትሰጡ ጎማው መኪናውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ክንዱ ወደ ፊት ይሄዳል። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ክንዱ ወደ ኋላ ይሳባል። ጎሚኒው ደህና ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ካለቀ ግን የጎማው አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ነዳጅ በተነሳ ቁጥር ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልተከፈቱ ደግሞ መኪናው በራሱ ይዞራል። የእኔ ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ፊቱ ሁሉ ጥብቅ ነበር፣ የአላይመንት ወረቀቱም ንጹሕ፤ ነገር ግን 110 ላይ ነዳጅ ቀስ ብዬ ሳነሳ መሪውን ሳልነካ ወደ ቀኝ ይንሸራተት ነበር፣ መልሼ ስሰጥ ይመለሳል። ይህ የፊት ችግር ሊሆን አይችልም።

ለማረጋገጥ መኪናውን አቁሙ፣ ማርሽ አውጡ፣ የኋላውን ቸርኬ የፊት ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት፣ ሌላ ሰው አጠገቡ ከመሬት ላይ ከተቀመጠ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ማስመሪያ ይዞ ያንብብ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ሙሉው ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው። የአላይመንት ማዕዘን የሚለካው በዲግሪና በደቂቃ ነው፣ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። በብዙ መኪና ላይ ለአንድ ጎማ የሚፈለገው ቶ-ኢን፣ ማለትም የጎማው አፍንጫ ወደ ውስጥ ማየቱ፣ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። 10 ደቂቃ 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ስንት ይሆናል? 1.2 ሚሊ ሜትር። ይኸው ነው። የምትከፍሉበት፣ ማሽኑ በጨረር የሚለካው፣ መኪናውን ቀጥ የሚያደርገው ነገር ሁሉ 1 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው። በእጃችሁ ገፍታችሁት ቸርኬው 2 ሚሊ ሜትር ከሄደ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቶ-ኢን መንገድ ላይ ቶ-አውት፣ ማለትም አፍንጫው ወደ ውጭ ማየቱ፣ መሆን ይችላል። ያውም በእጅ ነው የገፋችሁት፤ ሞተሩና መንገዱ የሚገፉት ከእናንተ እጅ በብዙ እጥፍ ነው።

በሌላ መኪና ላይ የኋላው ነገር መልኩ ይለያል እንጂ አሳቡ ያው ነው። ኤምጂቢ የኋላ አክስሉ አንድ ወጥ ነው፣ በባሌስትራ የተያዘ። ቶ የሚባል ማስተካከያ የለውም። ግን የባሌስትራው ጎሚኒ ካለቀ ወይም አክስሉን የሚያስሩት ቡሎኖች ከላሉ አክስሉ በሙሉ ጠመም ብሎ ይቆማል፣ መኪናውም እንደዚያው ጠመም ብሎ ይሄዳል። ዳትሰን 240ዜድ ላይ ደግሞ ፋብሪካው ከፊት የሚስተካከል አድርጎ የተወው ቶ ብቻ ነው። ካምበሩ (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) እና ካስተሩ (ከታች እመለስበታለሁ) ከልክ ውጭ ከሆኑ የሚዞር ቡሎን አትፈልጉ፤ የታጠፈ ወይም ያለቀ ነገር አለ ማለት ነው።

ጎሚኒ ስትቀይሩ አንድ ነገር አደራ። ከብረት እጅጌ ጋር የተጣበቀ የላስቲክ ጎሚኒ ከሆነ ቡሎኑ ጨርሶ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። በክሪክ ተነስቶ ክንዱ ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቁመቱን ያዛባል፣ ጎሚኒውም ዕድሜ የለውም።

ቁመት ስል፣ ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ብዙ አሮጌ ስፖርት መኪና በእድሜው ውስጥ አንዴ ዝቅ ተደርጓል። ያምራል፣ አልክድም። ግን መኪናው ዝቅ ሲል የመሪው ዘንጎች ከሳጥኑ ወደ ጎማው አግድም መሄዳቸው ይቀርና ወደ ላይ ያዘነብላሉ። ከዚያ በኋላ ጎማው ጉብታ ላይ በወጣና በወረደ ቁጥር ዘንጉ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፣ እናንተ መሪውን ሳታዞሩ ጎማው ራሱን ያዞራል። ለስላሳ መንገድ ላይ ምንም የማይሰማ፣ ሸካራ መንገድ ላይ 100 ሲገባ የሚረብሽ መኪና ካላችሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። መፍትሔው ወይ መኪናውን መመለስ ነው ወይም የመሪ ሳጥኑን በማንሻ ብረት ከፍ ማድረግ። እኔ መመለስን እመርጣለሁ፣ የሠሩት መሐንዲሶች ሁሉንም ማዕዘን ያሰቡት ለዚያ ቁመት ነው።

911 ላይ የኋላ ቁመት ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ያምራል። ሞላ የለውም፣ በቦታው ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ፣ አለ። የባሩ የውስጥ ጫፍ 40 ጥርስ አለው፣ የውጭው 44። የውስጡን አንድ ጥርስ ስታዞሩ 9 ዲግሪ ነው። የውጭውን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ስትመልሱ 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ይሄዳል። የሁለቱ ልዩነት አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በሁለት ሻካራ እርምጃ አንድ በጣም ቀጭን ማስተካከያ ይገኛል። ይህን ያሰበ ሰው ሥራውን ይወድ ነበር።

ነፋሱን ደግሞ እንይ። መኪናን ወደ ላይ የሚያነሳው የነፋስ ጉልበትም እንደ ባላንሱ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። 100 ላይ የነበረው 140 ላይ እጥፍ ነው። የ1960ዎቹ መኪናዎች ቅርጽ በአብዛኛው ነፋሱን በቀላሉ ለመቅደድ እንጂ መሬት ላይ ለመጫን የታሰበ አልነበረም። ፖርሽ ራሱ የ911ን ችግር ያውቀው ነበር። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የፊት ፓራውልት ውስጥ፣ በግራና በቀኝ ጥግ፣ እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ የሚመዝኑ ብረቶች ተከተው ነበር፣ ፊቱ እንዳይቀል ብቻ። ለ1969 ሞዴል የሁለቱ አክስሎች ርቀት ከ2211 ወደ 2268 ሚሊ ሜትር ተለቀ፣ የኋላ ጎማው ወደ ኋላ ሄደ። በ1972 ሞዴል 911ኤስ ላይ ከፊት ፓራውልት ሥር ስፖይለር (ነፋሱ መኪናውን እንዳያነሳ የሚያግዝ ክፍል) መጣ፣ በ1973 ሞዴል ካሬራ አርኤስ 2.7 ላይ ደግሞ ኋላ ሞተር መክደኛው ላይ ያ ታዋቂው የዳክዬ ጭራ። ይህን የምጠቅሰው መኪናችሁን አሳምሩ ለማለት አይደለም። ሁሉም ነገር ጠብቆ፣ ጎማው አዲስ ሆኖ፣ አላይመንቱ ተሠርቶ፣ አሁንም 130 ላይ ፊቱ የሚቀል ከሆነ፣ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። መኪናው ሲሠራም እንደዚያ ነበር።

የነፋስ መሆኑን መለያ አንድ ጥሩ ምልክት ነዳጅ ነው። 911 ላይ ታንኩ ፊት ነው። 60 ሊትር ቤንዚን ከ44 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ረግቶ የሚሄድ፣ ሲጎድል ግን መሪው የሚቀል መኪና የፊት ክብደትና የነፋስ ታሪክ ነው የሚያወራችሁ። እዚያ ላይ አፍንጫው ከጭራው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ማለትም ፊቱ ከፍ ኋላው ዝቅ፣ ነፋሱ ከሥር ይገባል። ፊቱን በጥቂት ሚሊ ሜትር ማውረድ ብቻ የሚሠራው ሥራ ይገርማል። የጎማ ነፋስንም አትርሱ። ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና የፊት ጎማው ነፋስ ከኋላው ማነስ አለበት። አራቱንም እኩል የሞላ ሰው መኪናውን ሳያውቅ ቀይሮታል።

እዚህ ሁሉ ከደረሳችሁ አሁን አላይመንት አሠሩ። አራቱንም ጎማ። ፊቱን ብቻ ለክቶ የሚሰጥ ቦታ ካለ ሌላ ፈልጉ። ኋላው ወደ አንድ ጎን እያየ ፊቱ ቢስተካከል መኪናው እንደ ሸርጣን ጎን ለጎን ይሄዳል፣ መሪውም ጠሞ ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁመት፣ ከዚያ የኋላ ካምበርና ቶ፣ ከዚያ የፊት ካምበርና ካስተር፣ መጨረሻ ላይ የፊት ቶ። ቅደም ተከተሉ ይህ የሆነው አንዱ ሌላውን ስለሚያንቀሳቅስ ነው፤ ካምበር ከነካችሁ ቶው ይሄዳል። የእናንተን ክብደት የሚያህል ነገር ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ታንኩ የምትነዱበትን ያህል ይኑረው። መኪናው ከክሪክ ከወረደ በኋላ ወዲያው አይለካ። ጎማው መሬት ላይ ተጨናንቆ ነው የሚቆመው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳ፣ ከፊትና ከኋላ ጫን ጫን ይደረግ።

ቁጥሮቹ ላይ የራሴ አስተያየት አለኝ። ለረጅም መንገድ የሚነዳ መኪና ከፊት ዜሮ ወይም ትንሽ ቶ-ኢን ይኑረው። ቶ-አውት ማጠፍ ላይ ፈጣን ያደርጋል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ያቅበዘብዛል። ከኋላ ሁልጊዜ ቶ-ኢን፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ካስተር ማለት ጎማው የሚዞርበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው፣ መሪው በራሱ ወደ መሃል የሚመለሰው በእሱ ነው። 911 ላይ ፋብሪካው 6 ዲግሪ ገደማ ይሰጠዋል። የድሮ 911 ላይ ካስተርና ካምበር የሚስተካከሉት አንድ ቦታ ነው፣ ከፊት ኮፈኑ ሥር ሾክ አብዞርበሩ የታሰረበት ሳህን ላይ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ካስተር፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋ ካምበር። ከመጠኑ ይልቅ የግራና የቀኝ መመሳሰል ይበልጥብኛል፤ መኪና ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ነው የሚጎትተው። ካምበርን ደግሞ ለውድድር የሚሆን አሉታዊ ቁጥር አትስጡት። ጎማው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይቆምና መንገዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቦይ ይከተላል።

ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ከሥራው በፊት የነበረውንም ከሥራው በኋላ ያለውንም። «በፊት» የሚለው ረድፍ ነው ብዙ የሚናገረው። ባለፈው ጊዜ ከተስተካከለበት ቁጥር ጋር አስተያዩት። ምንም ሳይመታ፣ ጉድጓድ ሳይገባ፣ ቁጥሩ ሄዶ ከተገኘ አሁንም የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፣ ወደ ሥሩ ተመለሱ።

ማሽን ከሌለም ይቻላል። አራት ማቆሚያ፣ ሁለት ክር፣ አንድ ማስመሪያና ደልዳላ መሬት ይበቃል። ክሩን በመኪናው በሁለቱም ጎን በጎማው መሃል ቁመት ወጥሩት። የፊትና የኋላ ስፋት ስለማይመሳሰል ክሩ ከአራቱም ቸርኬ እኩል አይርቅም፤ እኩል መሆን ያለበት የፊት ግራው ከፊት ቀኙ፣ የኋላ ግራው ከኋላ ቀኙ ጋር ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ቸርኬ የፊትና የኋላ ጠርዝ ላይ እስከ ክሩ ድረስ ለኩ። የፊተኛው ጠርዝ ከኋለኛው ይልቅ ከክሩ ከራቀ ቶ-ኢን ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ማንበብ ከቻላችሁ ከ5 ደቂቃ በታች እየለካችሁ ነው፣ ይህ ለመንገድ መኪና ከበቂ በላይ ነው።

አዲስ ጎሚኒ ከገባ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቡሎኖቹን እንደገና በልካቸው አጥብቁ፣ ቶውንም እንደገና ለኩ። ላስቲኩ ቦታውን ሲይዝ የኋላው ቶ ትንሽ ይሄዳል። የእኔም ሄዶ ነበር፣ ጎማ ሳይበላ ተመለሰ።